አሻር ሠላሳ ሁለት

ቶየብ ጆንያውን አናቱ ላይ አድርጎ ሦስት እርምጃ ተራመደና ቀጥ አለ። ከኋላው የተሰለፉት አሥራ አንድ ጫኞችም ቆሙ፤ አለቃቸው ሲቆም መቆም ልማዳቸው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ዝናቡ የሦስተኛውን መጋዘን ቆርቆሮ እየደበደበ ሰውና ሰው አይደማመጥም። ወደ ቦግራ የሚሄደው የጭነት መኪና ኋላውን ከፍቶ ይጠብቃል።

«ይሄ ከሙን አይደለም» አለ ቶየብ።

የመኪናው ሹፌር ሳቀበት። ጆንያው ላይ ከሙን ተብሎ ተጽፏል፤ አፉ እንደተሰፋ ነው፤ አፍንጫ ሲያስጠጉት ከሙን ይሸታል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሃምሳ ኪሎውን ሳያጎድል ይመዝናል። ከዚህ በላይ ከሙን ምን ያድርግ? ቶየብ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ የየብስ ድንበር ወደብ ከሕንድ የመጣን ዕቃ የባንግላዴሽ መኪና ላይ በአናቱ ሲጭን የኖረ ሰው ነው። «ከሙን አንገት ላይ ይተኛል፤ ይሄ ይቀመጣል» አለና ጆንያውን አውርዶ በመንጠቆው ሆዱን ቀደደው።

የሩዝ ገለፈትና አሸዋ ተዘረገፈ። ከሙኑ አፉ ላይ ብቻ ነበር፤ ሁለት እፍኝ የማይሞላ፣ ለአፍንጫ ተብሎ የተቀመጠ። አርባው ጆንያ ተከፍቶ ሲያልቅ ሃያው እንዲሁ ሆኖ ተገኘ።

ኢንስፔክተር ታህሚና ከረዳቷ ከሱኩማር ጋር የደረሰችው በእግሯ ነው። የሻልታላ ፖሊስ ጣቢያ አንድ ጂፕ አለው፤ በክረምት ግን ከመሄድ መገፋት ይመርጣል። ታህሚና አርባ ሊሞላት የተቃረበ፣ ምግብ የምትወድና ይህንንም የማትደብቅ፣ ሰው ሲያወራ የማታቋርጥ ሴት ናት። አለማቋረጧን የዋህነት አድርገው የቆጠሩ ሰዎች ዛሬ እስር ቤት ሆነው ነገሩን ደግመው ለማሰብ በቂ ጊዜ አግኝተዋል።

የወደቡ ሥራ አስኪያጅ ወንጀለኛውን አዘጋጅቶ ጠበቃት። ሦስተኛው መጋዘን አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ቁልፍ ያዥ ነው ያለው አላት። ቁልፍ ያዡ ሞፊዙዲን ይባላል። ወደባችን ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል፤ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ከጉምሩክ ሹሙ እስከ ሻይ ሻጩ «ቻቻ» እያለ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ የማይጠራው የለም።

ማስረጃውም ተገኝቷል። ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ፊታቸውን በፕላስቲክ የሸፈኑ ባለጋሪዎች መጥተው ለበሩ ዘበኛ አንድ ወረቀት ሰጡት። ዘበኛው የሞፊዝን የእጅ ጽሑፍ እንደ ራሱ መዳፍ ያውቀዋል። «ጣሪያ ያፈሰሰባቸው ሃያ የከሙን ጆንያዎች ለማድረቅ ይውጡ፤ ሲደርቁ ይመለሱ። ሞፊዙዲን፣ አሻር 32» ይላል። ሞፊዝ ወጣ ሲል እንደሚያደርገው ቁልፉን ዘበኛው ጎጆ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅሎት ነበር። ዘበኛው ከፍቶ ሰጠ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጆንያዎቹ ሲመለሱ ተቀበለ። ዓርብ ወደቡ ዝግ ነው፤ የነካቸው የለም።

«ሃያ ወጣ፣ ሃያ ገባ» አለ ዘበኛው ለታህሚና፣ ቅር ብሎት። «ከዚህ ወዲያ እኔ ምን ልሁን፣ ልቅመሰው?»

ቀኑን ያዩ ሁሉ ሳቁ። አሻር የሚባለው የቤንጋሊ ወር ሠላሳ አንድ ቀን ነው ያለው። ሐሙስ ደግሞ አሻር አልቆ ስራቦን ከገባ ሁለተኛው ቀን ነበር። ከወደቡ ሠራተኛ መሀል በቤንጋሊ ቀን የሚጽፈው ሞፊዝ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የፈረንጅ ቀን ነው የሚጽፈው፤ ሞፊዝ ግን «እሱ ለመኪና ይሁን፤ ዝናብ የሚመጣው በኛ ቀን ነው» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ይህንንም በሽማግሌው ላይ ደረበው። አስመስሎ የሚጽፍ ሰው ይጠነቀቃል፤ ሌላ ሰው ቢጽፈው ኖሮ ትክክለኛ ቀን ይጽፍ ነበር፤ ሠላሳ ሁለት ብሎ የሚጽፈው በገዛ ተንኮሉ የደነገጠ የጽሑፉ ባለቤት ብቻ ነው። ታህሚና ሐሳቡ ሞኝ አለመሆኑ ገረማት። ከሥራ አስኪያጁ አልጠበቀችውም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ሻይ ቤት ደርሶ ነበር። «መቼ ነው የምታገቢኝ?» ይላል አንዱ ረዳት አላፊዋን። «አሻር ሠላሳ ሁለት» ትላለች እሷም ሳትዞር።

ሞፊዝን ያገኘችው የመጋዘኑ አግዳሚ ላይ ነው። ቀጭን ነው፤ ጢሙን በሂና አቅልቷል፤ ሲናገር እጁን አፉ ላይ ያደርጋል።

«ጽሑፉ የእርስዎ ነው፣ ቻቻ?»

«ይመስላል። እኔ ግን አልጻፍኩትም።»

«ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የት ነበሩ?»

ሽማግሌው ዝናቡን ተመለከተ። ቁልፉን ጥሎ መሄዱ ጥፋት እንደሆነ፣ ለዚያ ቢቀጡት ቅር እንደማይለው፣ የሄደበትን ግን ጡረታውን ቢወስዱበት እንኳ እንደማይናገር ነገራት። ታህሚና አላቋረጠችውም። ቆይቶ በራሱ ጊዜ ቀጠለ።

«ልጄ፣ ወሩ መዞሩን ረስቶ ነው ይላሉ አሉ። ረስቼ ቢሆን እኮ ሐሙስ ሠላሳ ሦስት ነበር የሚሆነው። ቁጠሪው።»

በጣቷ ቆጠረች። ማክሰኞ ሠላሳ አንድ። ረቡዕ ሠላሳ ሁለት። ሐሙስ ሠላሳ ሦስት። እውነቱን ነው፤ ሠላሳ ሁለት በትክክልም በስህተትም አይመጣም። ደብተሯ ላይ ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት፤ ምን እንደምታደርግበት ግን አላወቀችም።

ሲወጡ ቶየብ ዓምድ ተደግፎ ይጠብቃቸው ነበር። ቻቻ በመጪው ዓርብ ኒካ ሊያስር ነው አላቸው፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የሩዝ ቂጣ የምትሸጠውን ሞመናን ሊያገባ። ሁለቱም ትዳራቸው በሞት ከፈረሰ ቆይቷል። ሞፊዝ ነገሩን ከቶየብ ሌላ ማንም የማያውቅ ይመስለዋል እንጂ ከድንበሩ ዜሮ መስመር ወዲያ ያሉት የሕንድ ዘበኞች ሳይቀሩ ያውቁታል።

«ቅድም እጄን ይዞ ማለኝ» አለ ቶየብ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስከ ሐሙስ ስሜ ካልጸዳ ቃሏን እመልስላታለሁ አለ። በጎደፈ ስም የሰው ቤት አልገባም አለ። እሱ ደግሞ ያለውን ያደርጋል፣ አፓ፣ እህቴ። እልኸኛ ነው።»

ታህሚና ሐሙስን ከሥራ አስኪያጁም ሰምታው ነበር፤ ሐሙስ ጠዋት ክስ ካልተጻፈ ለበላይ አቤት እላለሁ ብሏታል። ከእሱ ስትሰማው ምንም አልመሰላትም። ከቶየብ ስትሰማው ግን ቀኖቹን ቆጠረች። አምስት ናቸው።

እሑድን በጥያቄ ፈጁት። ሱኩማር ሁለት መቶ ባለጋሪ አናገረ፤ ሁለት መቶውም እኔ አይደለሁም አሉ። ከሙኑን ከሕንድ ያመጣው ብሪጅላል የሚባለው ሹፌር የመኪናው ባሌስትራ ተሰብሮ ጊቢው ውስጥ መለዋወጫ እየጠበቀ ነበር፤ ዕቃዬን ረቡዕ አስረክቤ ፈርሜያለሁ ብሎ ሩዙን ማማሰሉን ቀጠለ።

በዚያ ቀን በደንብ የተቀበላቸው ሬዝዋን ብቻ ነበር። የከሙኑን ጉዳይ ጉምሩክ ላይ ያስፈጸመው ወጣት ትራንዚተር ነው። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ፎቅ ላይ ቢሮ አለው፤ ሸሚዙ በዝናብ ቀን እንኳ ይተኮሳል። ትኩስ ሳምቡሳ አስመጣ። ታህሚና ሦስት በላች። እሱ ስለ ራሱ ጉዳት አንድ ቃል ሳይናገር ስለ ሞፊዝ ለመናት። «ዕድሜ ነው» አለ። ሽማግሌው የረዳው ጊዜ ተቆጥሮ እንደማያልቅ፣ ነገሩ ሳይካረር በማስጠንቀቂያ ቢያልፍ እሱ እንደማይከስ ነገራት። ሱኩማር ሲወጡ «ደግ ልጅ ነው» አለ። ታህሚና ሳምቡሳው ጥሩ እንደነበር መሰከረች።

አመሻሽ ላይ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። ሞመና የአምሳ ዓመት ጠንካራ ሴት ናት፤ ምድጃዋን በአሮጌ የመኪና ሸራ ከዝናብ ከልላ ትጋግራለች። ሞፊዝ ሐሙስ የት እንደሄደ ታውቅ እንደሆነ ታህሚና ጠየቀቻት።

«በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ከተማ ሄደ። እኔን እንዳያገኝ በዚያ ጎማ ቤት ጀርባ ዞሮ ነው የተሳፈረ።» ቂጣውን ገለበጠች። «በአሥራ ሁለት ሰዓቱ ሲመለስ አፉን በመሐረብ ይዞ ነበር። ጥርስ ሊያስተክል ነው ሰውዬው። ለዓርብ።»

«ነገረዎት?»

«አይነግረኝም፤ ያፍራል። እኔም አላውቅም። አንቺም አታውቂም።»

ጥርስ ሠሪው በስልክ አረጋገጠ፤ ሞፊዝ ሐሙስ ከአሥር ሰዓት በፊት ደርሶ አፉን ከፍቶ አንድ ሰዓት ያህል ወንበሩ ላይ ነበር። ሱኩማር ደስ ብሎት ሞፊዝ ከተማ እንደነበረ ለሥራ አስኪያጁ ነገረ፤ ምን ሊያደርግ እንደሄደ ሳይዘረዝር። ሥራ አስኪያጁ ግን ደስታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አጠፋበት። ወረቀቱን ጠዋት ጽፎ ለባለጋሪዎቹ ሰጥቷቸው ከሄደስ? የት እንደነበረ መታወቁ ከመጋዘኑ እንጂ ከወረቀቱ አያወጣውም።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሱኩማር አለቃውን ቤቱ ጋበዛት። እናቱ ኪቹሪ፣ ሩዝና ምስር አንድ ላይ የተቀቀለ፣ ከተጠበሰ ደበርጃን ጋር አቀረቡላቸው። ዓሣ አልነበረም። የታህሚና ዓይን ድስቶቹን አንድ በአንድ መረመረ።

«ዓሣ የለም፣ ልጄ» አሉ እናቲቱ ነገሩ ገብቷቸው። «ዛሬ የስራቦን የመጀመሪያው ሰኞ ነው፤ እኔም እስክሰግድ ድረስ አልቀምስም። ዘንድሮ ጾሙ ዘግይቶ ነው የገባው፤ አሻር ሠላሳ ሁለት ቀን ሄደብን።»

የታህሚና እጅ ወደ አፏ ሲሄድ መንገድ ላይ ቆመ። ይህ ከእሷ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም።

«ስንት ቀን አሉኝ?»

«ሠላሳ ሁለት። የናንተን ወር መንግሥት በመቀስ አስተካክሎታል። የኛን የሂንዱዎቹን የጾምና የበዓል ወር የምትለካው ፀሐይ ናት፤ ከድንበሩ በር ወዲያ ያለውም ሕዝብ የሚቆጥረው እንደኛ ነው። ፀሐይ ደግሞ አሻር ላይ መጎተት ትወዳለች።»

ሮዝ ልባስ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረዱ፤ ከሕንድ በኩል በየዓመቱ የሚመጣ የቀን መቁጠሪያ ነው። ታህሚና ያለፈው ሐሙስ ስንት እንደሚል ጠየቀች። እናቲቱ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ወረዱ።

«አሻር ሠላሳ ሁለት። የወሩ መጨረሻ ቀን።»

ሱኩማር ጆሮው ድረስ ቀላ። የገዛ እናቱ ቀን ነው፤ እሱ ግን ቀን የሚያየው ስልኩ ላይ ነው። ታህሚና አልተቆጣችውም። እጇን ታጠበችና ነገሩን እንዲህ ስትል ዘረጋችለት፦ ሞፊዝ ቀኑን በቃሉ ያውቃል፤ ማንንም አይጠይቅም። ይህን ወረቀት የጻፈው ግን ቀኑን አያውቅም። ሽማግሌው በቤንጋሊ ቀን እንደሚጽፍ ያውቃል፤ ስለዚህ ተጠንቅቆ አይቶ ነው የጻፈው። ያየው ደግሞ ከድንበሩ በር ወዲያ የሚቆጠረውን ቀን ነው።

«ስለዚህ አልተሳሳተም» አለ ሱኩማር ቀስ ብሎ።

«ከማንም በላይ ተጠንቅቋል። የያዘውም ጥንቃቄው ነው። አሁን እናትህ ካልከፋቸው ትንሽ ኪቹሪ ጨምርልኝ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ደቂቃ ሳይቆይ ሁለት ወንጀለኛ አገኘ። አንደኛው ብሪጅላል ነው፤ የበሩ ወዲያ ሰው። ሁለተኛው ደግሞ፣ አለና ሱኩማርን ላለማየት ጣሪያውን እያየ፣ እዚሁ ያሉት ሦስቱ የሂንዱ ቤተሰቦች፤ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ያለው እነሱ ዘንድ ነው።

«የሱኩማርን እናት ሃያ ጆንያ ተሸክመው ሲሮጡ ካዩ ይጥሩኝ» አለች ታህሚና። «እነሱ ከዚህ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱንም ቀን ያውቃሉ። ለጾም አንዱን፣ ለሥራ ሌላውን። የሚምታታው አንዱንም የማያውቅ ሰው ነው።»

ብሪጅላል ዘንድ ግን ሄደች። ስሙን በቤንጋሊ ፊደል እንዲጽፍላት እስክሪብቶ ሰጠችው። ሰውዬው ሳቀና ጥርሱ ሁሉ ታየ።

«እመቤቴ፣ እኔ የቢሃር ሰው ነኝ። ሂንዲ እንኳ የምጽፈው እያላበኝ ነው። የናንተ ፊደል ለኔ ዶሮ የጫረው ነው።» መንጃ ፈቃዱን፣ የፈረመባቸውን ወረቀቶች ሁሉ አወጣላት። አንድም የቤንጋሊ ፊደል የለባቸውም። ሩዙን እንድትቀምስለት ለመናት፤ ቀመሰች፤ ጨው እንደጎደለው ነግራው ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ያዩ ሰዎች ጨርቋን ልትጥል ነው ብለው ነበር። ቢሮ ለቢሮ እየዞረች ሁሉንም አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ዛሬ በቤንጋሊ ቀን ስንት ነው? አንድ ቅጽ ላይ መሙላት አለብኝ ትላለች። በቃሉ የመለሰላት አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ጋዜጣ አነሳ፤ የጋዜጣው ግንባር ላይ ስራቦን ሰባት ይላል። ዘበኛው ስልኩን አየና ሰባት አለ። የጉምሩክ ጸሐፊዋ መስኮት ከፍታ ወደ መስጊዱ ጮኸች፤ ከዚያም ሰባት ተባለ። ሱኩማር እየተከተላት ሁሉንም ይጽፋል። ሬዝዋን ቢሮ የደረሱት ሃያ ሦስት ጊዜ ሰባት ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ነው።

ሬዝዋን ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው። ሳምቡሳ እንዲመጣ ሊልክ ሲል ታህሚና ዛሬ እንደማትፈልግ ነገረችው። ይሄኔ ነበር መጠንቀቅ የነበረበት።

«አንድ ቅጽ አስቸግሮኝ ነው። በቤንጋሊ ቀን ዛሬ ስንት ነው?»

«ለዚህ ነው እንዴ?» አለ። አንገቱን ብቻ ወደ ግድግዳው አዞረ። «ስራቦን አምስት።»

የሱኩማር እስክሪብቶ ቆመ።

ታህሚና ወደ ግድግዳው ሄደች። ፏፏቴ ያለበት ቆንጆ ካላንደር ነው፤ ከሥሩ ከድንበሩ ወዲያ ያለ የአንድ ቅመም ነጋዴ ስም ታትሟል፤ ለደንበኞች በነጻ የሚታደል ነው። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለበጠች። የአሻር ሳጥኖች በሰባት በሰባት ተደርድረዋል። በመጨረሻው ረድፍ ከሐሙስ ትይዩ ያለችው ሳጥን የወሩ ማብቂያ ናት። ሠላሳ ሁለት ይላል።

ሬዝዋን ካላንደር መስቀል መቼ ወንጀል ሆነ ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ያለው በየቢሮው አለ አለ።

«ሃያ ሦስት ቢሮ ዞሬያለሁ። የለም» አለች ታህሚና። ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ፋይል ከፈተች። ከሞፊዝ የተጻፉ የዕቃ ማውጫ ወረቀቶች፣ የሦስት ዓመት፣ አንድም ሳይጎድል። የአንድን ሰው እጅ መልመድ ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። «የእህትህ ባል ምን ሥራ ነው ያልከኝ?»

አልነገራትም ነበር። አሁንም አልነገራትም። ግን ወደብ ላይ ምን ይደበቃል? ቶየብ አስቀድሞ ነግሯታል፤ የሬዝዋን አማች ከወንዙ ማዶ የሩዝ ወፍጮ አለው፤ የራሱ ጋሪዎችና የራሱ ሠራተኞች ያሉት። ሱኩማር የጠየቃቸው ሁለት መቶ ባለጋሪዎች እውነታቸውን ነበር።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ እስከ ጣሪያው የተቆለለ የሩዝ ገለፈት አገኙ። አካፋ ያዙና ቆፈሩ፤ ከአራተኛው አካፋ በኋላ ሽታው ሁሉንም አስነጠሳቸው። ሃያው ጆንያ ከነሙሉ ከሙኑ ከሥር ተኝቷል፤ ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው ወደ ከተማ ሊያሻግሩት አልቻሉም ነበር። ቶየብ አንዱን አንሥቶ አናቱ ላይ አደረገና ዓይኑን ጨፈነ። «በሉ» አለ፤ «ከሙን እንዲህ ነው ሰው የሚያቅፍ።»

ሬዝዋን በፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ብዙ አላስቸገረም። ከሙን በዚያ ወር እንደ ወርቅ ተወዶ ነበር፤ እሱ ደግሞ የቀይ ሞተር ብስክሌት ፍቅር ይዞታል። አንድ ነገር ግን ሊያስረዳት ፈለገ።

«ቻቻን ልጎዳው ብዬ አይደለም፣ አፓ። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ነው የቀረው። ምን ያደርጉታል ብዬ ነው። ይቆጡታል፣ ያልፋል።»

«ጡረታ የሚወጣ ሰው ስም አያስፈልገውም ነው የምትለኝ?»

 

ረቡዕ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ የሦስተኛውን መጋዘን ቁልፍ በገዛ እጁ ለሞፊዝ መለሰለት። ንግግርም አደረገ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥርጣሬ እንዳልነበረው የሚገልጽ። ሞፊዝ አንገቱን ደፍቶ ሰማው። ቁልፉን ኪሱ ከተተና ጃንጥላውን ይዞ ወጣ።

ታህሚና ቀድማው አውቶቡስ ማቆሚያው ደርሳለች። ከራንግፑር የሚመጣው አውቶቡስ እየተጠበቀ ነበር፤ ሞመና ሦስት ምጣድ በአንድ ጊዜ ጥዳለች።

«ጨረስሽ?» አለቻት፣ ቀና ሳትል።

«ጨረስኩ። ንጹሕ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ተይዟል።»

«እሱን ለሱ ንገሪው። እኔ መቼ ጠየቅኩሽ?»

ታህሚና ሞፊዝ የማለውን ነገረቻት፤ ነገ ሐሙስ ቃሏን ሊመልስላት ሰው ሊልክ እንደነበር። ሞመና የደረሰውን ቂጣ በቅጠል ጠቀለለችና የዘንባባ ስኳር ጨምራ አቀበለቻት።

«ይልክ ነበራ። የላከውን ሰው ቂጣ አብልቼ እመልሰው ነበር።» እሳቱን ቆሰቆሰች። «እናንተ አምስት ቀን ወረቀት መረመራችሁ። እኔ ስድስት ዓመት ሰውየውን ስመረምር ነበር። በዝናብ ይመጣል፣ በፀሐይ ይመጣል፣ ሁልጊዜ ወረፋውን ጠብቆ ከሁሉ ኋላ ይቆማል። የሚሰርቅ ሰው ወረፋ ይጠብቃል?»

ታህሚና በሥራ ዘመኗ ብዙ ማስረጃ ሰምታለች። ይህን የሚያፈርስ አንድም አልመጣላትም፤ ቂጣውን ነከሰች።

አውቶቡሱ ጡሩምባውን እየነፋ ደረሰ። ከኋላው ሦስት የድንጋይ መኪኖች ተደርድረዋል። መኪኖቹ አልፈው መንገዱ ሲገለጥ ሞፊዝ ከማዶ ታየ። ጃንጥላውን ዘርግቶ ቆሟል። ወደ ምድጃው ያያል፤ ወደ ኢንስፔክተሯ ያያል፤ እግሩን ወደ አስፋልቱ ያደርግና ይመልሰዋል። የወረዱት ተሳፋሪዎች ቂጣ እያሉ ሸራውን ከበቡት። ሞመና በሰዎቹ መሀል ቀና ብላ አየችው፤ ወገቧን ያዘች፤ ድምፅዋም ከአውቶቡሱ ጡሩምባ በላይ ወጣ።

«ተሻገር እንጂ፣ አንተ ሰው! ምን ትጠብቃለህ፣ የጉምሩክ ማለፊያ?»

ጫኞቹ፣ ሹፌሮቹ፣ ረዳቶቹ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየው። ሞፊዝ ጃንጥላውን አጠፈና ተሻገረ።